ሰላምታ ከጥገና አይቆጠርም

የደርበው ኮምፒዩተር በመጀመሪያው ሙከራ ይከፈታል። በአስራ አንድ ዓመት ውስጥ አንድ ቀን እንኳ ተበላሽቶበት አያውቅም። ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ላይ አዳማ ባለው ቤቱ ከጠረጴዛው ፊት ይቀመጣል፤ መዳፉን መስታወቱ ላይ ያሳርፋል፤ አረንጓዴው መብራት ይበራል፤ ደብረ ብርሃን ያለው ኮምፒዩተሩም የሥራውን ገጽ ይዘረጋለታል። ከዚያ እስከ አስራ አንድ ሰዓት ድረስ ከአርባ ሁለት ጣቢያዎች የሚመጡ የዝናብ ልኬቶችን እያየ የተሳሳተውን ይለያል። ማንም አያናግረውም።

ከኋላው፣ ጀርባዋን ሰጥታው የምትቀመጠው ሚስቱ ስንቅነሽ ናት። እሷ አዲስ የተወለዱ ሕፃናትን መዝገብ ታርማለች። ክፍሉ ድሮ መኝታ ቤት ነበር። የሠራተኛ ኮምፒዩተር ሁሉ ከሙቀት ወጥቶ ወደ ደብረ ብርሃን ብርድ እንዲሄድ ከተወሰነ ወዲህ በየኮንዶሚኒየሙ አንድ ክፍል ለሥራ ተለቅቋል። ሰው እቤቱ ይውላል፤ ሥራ ቦታ የሚውለው ኮምፒዩተሩ ነው። ባልና ሚስቱ የተቀጠሩት በአንድ ቀን ስለሆነ ኮምፒዩተሮቻቸውም እዚያ ጎን ለጎን ተቀምጠዋል፤ መደዳ ሠላሳ አንድ፣ የሱ ቁጥር አስራ አራት፣ የሷ አስራ አምስት።

የስንቅነሽ ግን በመጀመሪያው ሙከራ አይከፈትም። በሳምንት አራት ቀን፣ አንዳንዴም አምስቱንም ቀን መብራቱ ብርቱካናማ ሆኖ ይጠብቃታል። ስክሪኑ ላይ «ግንኙነቱ ተቋርጧል፤ ተረኛው እስኪመጣ ይጠብቁ» የሚል ይወጣል። ግንኙነቱ አንዴ ከተቋረጠ ደብረ ብርሃን ያለው ኮምፒዩተር ራሱን ይቆልፋል። ቁልፉን በጣቱ ተጭኖ የሚከፍተው የመደዳው ተረኛ ብቻ ነው። የመደዳ ሠላሳ አንድ ተረኛ ወንድይራድ ይባላል። ሥራ የሚገባው በሁለት ሰዓት ነው። ድምፁ የሚመጣው ከጠረጴዛው ውስጥ ነው፤ በጆሮ ማዳመጫ መሥራት ከተከለከለ ቆይቷል።

«እንዴት አደርሽ ስንቅነሽ?»

«እግዚአብሔር ይመስገን። አንተስ እንዴት አደርክ?»

«ይመስገን። እንቅልፍ እንዴት ነው?»

«ሙቀቱ መች ያስተኛል። ስገላበጥ ነው ያደርኩት።»

«መታደል ነው። እኔ እዚህ ሁለት ካፖርት ደርቤ ነው የማናግርሽ። ጣቴ ቁልፉን ይንካ አይንካ አላውቅም።»

«እፍ በልበታ።»

«እፍ ብዬ ብዬ ትንፋሼ አለቀ። ላንቺ ስል በቁሜ ደርቄ ልቀር ነው።»

ስንቅነሽ ትስቃለች። ደርበው ዓይኑን ከመተሐራ ጣቢያ ልኬት ላይ ሳያነሳ ይሰማል።

ይህ ሁሉ ሰላምታ ነው። የተረኞች ማኅበር በአንድ ወቅት ተከራክሮ ያስጻፈው ደንብ አለ፦ ሰላምታ ከጥገና አይቆጠርም። ለጥገና የተፈቀደው ሦስት ደቂቃ ነው፤ ድምፁም ይቀዳል። ሰላምታ ግን የሰው ወግ ነው፤ አይቀዳም፣ አይቸኮልም፣ ልክም የለውም። አብዛኛው ሠራተኛ «ደህና ነኝ፣ ክፈትልኝ» ብሎ ያልፈዋል። ስንቅነሽና ወንድይራድ አያልፉትም። የናቱን የዓይን ሕመም፣ የሷን እህት የቤት ዕድሳት፣ እዚያ ስለጣለው ውርጭ፣ እዚህ ሰባተኛ ፎቅ ድረስ ስለሚወጣው አቧራ፣ ሁሉን እዚያው ሰላምታው ውስጥ ያዳርሱታል።

ደርበው ልኬት የለመደ ሰው ነው። ጥቅምት ላይ አንድ ደብተር አወጣ። «ጥቅምት 8፦ ሰባት ደቂቃ። ሳቅ፣ ሁለት።» «ጥቅምት 9፦ አስራ ሁለት ደቂቃ። ሳቅ፣ አራት። አንዱ ረጅም።» «ጥር 14፦ እስካሁን እርስዎ ይላት ነበር፤ ዛሬ አንቺ አላት። እሷም አንተ ብላ መለሰች።»

የካቲት መጨረሻ ላይ አንድ መስመር የሚጋሩ ባልና ሚስት የመጠየቅ መብት እንዳላቸው አነበበና የአስራ አምስት ቁጥርን መዝገብ ጠየቀ። መልሱ በማግስቱ መጣለት። ባለፉት ስድሳ የሥራ ቀናት የተቋረጠው፣ አርባ ሰባት ጊዜ። ሰላምታ በአማካይ፣ አስራ አንድ ደቂቃ። ጥገና በአማካይ፣ አርባ ሴኮንድ።

አራት ጊዜ አነበበው። እሱና ስንቅነሽ በአንድ ጊዜ አስራ አንድ ደቂቃ ያወሩት መቼ እንደሆነ ለማስታወስ ሞከረ። ግምት አይወድም፤ በደብተሩ ላይ ቦታውን ባዶ ተወው።

ምሳ ላይ፣ ወጥ ቤት ቆመው ሲበሉ፣ «ያ ሰውዬ ሚስት አለው?» አላት።

«የትኛው ሰውዬ?»

«ተረኛው።»

«ወንድይራድ? እኔ ምን አውቄ። ጠይቄው አላውቅም።»

«አስራ አንድ ደቂቃ ሙሉ ምንድን ነው የምትጠይቂው ታዲያ?»

የያዘችውን ዳቦ መልሳ ሳህኑ ላይ አኖረችው። «ቆጠርክ?»

«ወረቀት ላይ የወጣ ነው።»

«ደርበው፣ አንተ የተቀጠርከው ዝናብ ልትለካ ነው። የኔን አፍ ተወው።»

«ኮምፒዩተርሽ ተበላሽቷል። ላስተካክልልሽ ነው።»

«ማን አስተካክልልኝ አለህ?»

«ሁለት ቀን ቀርተሻል። ሦስተኛው ሲመጣ ወንበርሽ ይታጠፋል። ወይስ ይሄንንም እሱ ያስተካክልልሻል?»

የተናገረው እውነት ነበር። እስከ ሁለት ሰዓት ተኩል ያልተገናኘ ሠራተኛ እንደቀረ ይቆጠራል፤ በአንድ ዓመት ሦስት ቀን የቀረ ወንበሩ ታጥፎ ኮምፒዩተሩ ተራ ለሚጠብቅ ሰው ይሰጣል። ተራ የሚጠብቀው ሰው ብዛት ከአንድ ከተማ ሕዝብ ይበልጣል። ስንቅነሽ ታኅሣሥ ላይ ወንድይራድ ታሞ በቀረበት ቀን ማንም ሳይከፍትላት ሁለት ሰዓት ተኩል አለፈባት። ጥር ላይ ደግሞ መደዳው በሙሉ መብራት ጠፍቶበት ዋለ። ያን ዕለት ለደርበውም ተቆጥሮበታል፤ የሱ ግን አንድ ብቻ ነው።

እሑድ፣ ስንቅነሽ እህቷ ቤት እንደሄደች፣ ደርበው ጠረጴዛዋ ሥር ገባ። የጥገና መመሪያውን በየተራ ተከተለው። የመስመሩን ሣጥን አጥፍቶ አበራው። የኤሌክትሪኩን መስመር ለካ። ይለፍ ቃሉ ጊዜው እንዳላለፈበት አየ። የሷን ኬብል በሱ ሶኬት፣ የሱን በሷ እያቀያየረ ሞከረ። ሁሉም ደህና ነው። ያልሆነው አንድ ነገር ብቻ ነበር፦ ኬብሏን ሶኬቱ ላይ የሚይዘው ትንሽ የፕላስቲክ ምላስ ተልጦ ነጭ ሆኗል። እንዲህ የሚሆነው በመነቀልና በመሰካት ብዛት ነው። የራሱን አገላብጦ አየው። ምላሱ እንደ አዲስ ነው፤ ላዩ ላይ የአስራ አንድ ዓመት አቧራ ተኝቷል።

እንደተንበረከከ ቆየ። ጉልበቱ ማመም እስኪጀምር ድረስ።

ቢሆንም አዲስ ኬብል ገዝቶ ተካላት። ሰኞ ጠዋት ለሁለት ሰዓት አስር ደቂቃ ሲቀረው፣ ገና ባልበራው የስክሪኑ መስታወት ውስጥ ከኋላው ያለችውን ሚስቱን አያት። እጇን ጠረጴዛው ሥር ሰደደች። ጠቅ የሚል ድምፅ ተሰማ። ትንሽ ቆይታ መልሳ ሰካችው። መብራቷ ብርቱካናማ ሆነ። ፀጉሯን አስተካከለች፤ ስክሪኑ ላይ ፊት የሚያሳይ ምንም ነገር የለም፤ ሆኖም አስተካከለችው።

ግንኙነቱን የሚያቋርጠው ተረኛው ቢሆን ኖሮ ደርበው የሚሞላው የአቤቱታ ቅጽ ነበር። ሚስት ለነቀለችው ግን ቅጽ የለም።

ማክሰኞ ደርበው የራሱን ነቀለ። ነቅሎ የሰካ ሁሉ በቅደም ተከተል ወረፋ ይገባል፤ ከሁለት ሰዓት በፊትም መያዝ ይቻላል፤ ስንቅነሽ ቀድማው ስለነበር አንደኛ እሷ ሆነች። አስራ ሦስት ደቂቃ ጠበቀ። የሚናገረውን ደብተሩ ላይ ጽፎ አዘጋጅቷል፦ ባለቤቴን በተመለከተ አንድ ነገር ልነግርዎ እፈልጋለሁ።

«አቶ ደርበው!» አለ ጠረጴዛው። «እንደምን አደሩ? የአስራ አራት ቁጥር ብርቱካናማ በርቶ ሳየው መብራቱ ራሱ የተበላሸ መስሎኝ ነበር።»

«ደህና ነኝ» አለ ደርበው። «ባለቤቴን...»

«ጉልበትዎስ ተሻለዎት?»

ስንቅነሽ ነግራዋለች ማለት ነው። ስለ ጉልበቱ ግን ካመመው ጀምሮ የጠየቀው ሰው አልነበረም።

«ደረጃ ስወርድ ነው» አለ።

«ሲወጡ ይሻላል፣ አይደል? የኔም አባት እንደዚያው ነበሩ። ሐኪም አዩ?»

«አየሁ። መርፌ ይሻላል አለኝ። እኔ መርፌ አልወድም።»

«ማን ይወዳል? ዘወር ብሎ መወጋት ነው። ያጋመስነው ዕድሜ እኮ ነው አቶ ደርበው፤ ምን እናድርገው።»

ዘጠኝ ደቂቃ አወሩ። የተጻፈው ዓረፍተ ነገር ደብተሩ ላይ ቀረ። መብራቱ አረንጓዴ ሲሆን ደርበው ፈገግ እንዳለ ራሱን አገኘው። ወዲያው ከኋላው ምንም የመጻፊያ ድምፅ እንደማይሰማ አስተዋለ።

«ሐኪም ቤት መሄድህን ለኔ አልነገርከኝም» አለች ስንቅነሽ፣ ሳትዞር።

«አልጠየቅሽኝም።»

ረቡዕ ደርበው አንድ ሰዓት ከአርባ ላይ ነቀለ። ሐሙስ ስንቅነሽ አንድ ሰዓት ተኩል ላይ። ከዚያ በኋላ ባሉት ሳምንታት ሁለቱም ቁርሳቸውን እየተቻኮሉ መብላት ጀመሩ። በሁለት ሰዓት የወንድይራድ ድምፅ ከየትኛው ጠረጴዛ እንደሚወጣ ሁለቱም ትንፋሻቸውን ይዘው ይጠብቃሉ። ከሱ ጠረጴዛ ሲወጣ የሷ ትከሻ ይወርዳል። ከሷ ሲወጣ እሱ ደብተሩን ይከፍታል። አሁን ግን የሚጽፈው ተቀይሯል፤ «ለሷ፣ አስራ አራት። ለኔ፣ ስምንት።» ወንድይራድ ለሷ የተናገረውን ቀልድ ለሱ ደግሞ የነገረው ቀን ቀኑን ሙሉ ከፍቶት ዋለ። አንድ ጊዜ ደግሞ ለሷ ያልነገራትን ነገር ነገረው፤ የናቱ ዓይን ከፋሲካ በፊት ቀዶ ሕክምና እንደሚደረግለት። ያን ዕለት ምሳ ላይ ደርበው እያፏጨ ሳህን አጠበ።

በሰሙነ ሕማማት ረቡዕ እሱ ቀድሞ ስለነበር ስንቅነሽ የተገናኘችው ሁለት ሰዓት ከሃያ ስድስት ላይ ነው። ማታ ላይ መጥታ በሩ ላይ ቆመች።

«አራት ደቂቃ ነው የቀረኝ ዛሬ።»

«አትንቀይዋ። ሳይነቀል ወዲያው ይከፈታል። የኔ አስራ አንድ ዓመት ተከፍቷል።»

ማወቁን በአፉ ሲያወጣ የመጀመሪያ ጊዜው ነበር።

«ቀኑን ሙሉ ስም ሳነብ ነው የምውለው» አለች። «በቀን ስድስት መቶ ስም። አንዱም አይጠራኝም። ጠዋት አንድ ሰው ስንቅነሽ ብሎ ይጠራኛል፤ በዚያ እውላለሁ። አንተ ይሄን እንኳ አየህብኝ?»

«እኔ እዚሁ ነኝ።»

«የት?» አለች። የምር የምትጠይቅ ትመስል ነበር። «እሱ የኔ ነው አላልኩም ደርበው። ወረፋው ግን የኔ ነበር። ማክሰኞ ከፋሲካ በኋላ ሥራ የምንጀምርበት ቀን ነው፤ እንኳን አደረሰህ ልለው እፈልጋለሁ። አትቅደመኝ።»

«እሺ» አለ።

ማክሰኞ ስንቅነሽ አንድ ሰዓት ከሃያ ላይ ነቅላ ሰካች። ደርበው አንድ ሰዓት ከሩብ ላይ፣ እሷ ፊቷን ስትታጠብ፣ ነቅሎ ነበር። እሺ ማለቱን አልረሳም። የራሱ መብራት ብርቱካናማ መሆኑን ደብተሩን ከፊቱ አቁሞ ከለላት።

በሁለት ሰዓት ድምፁ ከሱ ጠረጴዛ ወጣ።

«አቶ ደርበው፣ እንኳን አደረስዎት!»

ከኋላው ወንበር ሲንቀጫቀጭ ተሰማው።

«እንኳን አብሮ አደረሰን» አለ። «በዓሉ እንዴት ነበር?»

«እዚሁ ነበርኩ፤ ተረኛ በዓል የለውም። እናቴ ዶሮውን በዕቃ ልካልኝ ማሽኖቹ ላይ አሞቅኩት። ሙቀት የሚሰጡት ለዚያ ብቻ ነው።»

ደርበው ሳቀ፤ ከሚገባው በላይ ጮክ ብሎ። ስለ እናቱ ዓይን ጠየቀ። በአንዱ ላይ ቀዶ ሕክምናው እንደተደረገና ፋሻው ዓርብ እንደሚፈታ ወንድይራድ ነገረው። ማን እያስታመማቸው እንደሆነ ጠየቀ። እህቱ መሐል ሜዳ ካለው ቤቷ መጥታ እንደሆነ ነገረው። እህቱ ስንት ልጆች እንዳሏት ጠየቀ። በመስታወቱ ውስጥ የስንቅነሽ መብራት ከኋላው ብርቱካናማ ሆኖ ይታየዋል። ሁለት ሰዓት ከሃያ አንድ ሆነ። ስንቅነሽ አልተናገረችም። የሌላ ሰው ሰላምታ መሐል ገብቶ መናገር ነውር ነው፤ እሷ ደግሞ እንዲህ ያለ ነገር በሕይወቷ አድርጋ አታውቅም። ዞራ፣ እጆቿን ጭኗ ላይ አድርጋ፣ ማጅራቱን ታይ ነበር።

ሁለት ሰዓት ከሃያ ስድስት ላይ ወንድይራድ፣ «አቶ ደርበው፣ አስራ አምስት ቁጥርም ወረፋ ላይ ናት» አለ። «ሰዓቱም ሄዷል መሰለኝ።»

ለጥገና አርባ ሴኮንድ ይበቃል። ለሁለት ሰው ሰማንያ ሴኮንድ። ደርበው ሁልጊዜ በልኬት ትክክል ነው፤ አሁንም በትክክል አሰበው።

«እናትዎ» አለ፣ «በአንዱ ዓይናቸው ማየት ጀመሩ ወይ?»

ስለ እናቱ የተጠየቀ ሰው ሳይመልስ አይሄድም። ወንድይራድ መለሰ። እናቱ ከፋሻው ሥር ብርሃን ገባኝ እንዳሉ፣ ማልቀስ ተከልክለው እንዳለቀሱ፣ ሐኪሙም እንደተቆጣቸው ተረከ። ከዚያ ቁልፉን ተጫነለት። የደርበው መብራት አረንጓዴ ሲሆን ሰዓቱ ሁለት ሰዓት ከሃያ ዘጠኝ ከሃምሳ ሴኮንድ ነበር። ወንድይራድ አንድ እርምጃ ወደ ጎን ሲራመድ፣ እጁንም ሲዘረጋ በጠረጴዛው ውስጥ ተሰማ። «ስንቅነሽ፣ እንኳን አደረሰ...» የሚለው ከሷ ጠረጴዛ ወጥቶ መሐል ላይ ተቆረጠ።

የስንቅነሽ ስክሪን ነጭ ሆነ። «ወንበርዎ ታጥፏል። ለሰጡት አገልግሎት እናመሰግናለን።» ከሥሩ፣ ለዓመታት በሁሉም ሰው ስክሪን ጠርዝ ላይ ሲመላለስ የኖረው ማስታወቂያ ብቻ ቀረ፦ የመደዳ ተረኛ ይፈለጋል፤ የሥራ ቦታ ደብረ ብርሃን፤ በአካል መገኘት ግዴታ ነው። ማንም አያነበውም ነበር። «በአካል ሂድ» ሰዎች ሲናደዱ የሚባባሉት ስድብ ሆኗል።

ስንቅነሽ እያነበበችው ብዙ ቆየች።

ቅዳሜ ጠዋት ደርበው ከወጥ ቤት ሲወጣ በሩ ላይ ሻንጣ አየ። ላዩ ላይ የሱ አሮጌ ወፍራም ሹራብ ታጥፎ ተቀምጧል።

«ይሄንን እወስደዋለሁ» አለች። «አንተ እዚህ አይበርድህም።»

«የት ነው?»

«ሥራ።»

«በአካል?»

«በአካል።»

«ስንቅነሽ፣ ሐሙስ ቅጽ ሞልቼ ነበር። ጥፋቱ የኔ ነው ብዬ ጽፌያለሁ።»

«ምን አሉህ?»

«ሰላምታ ከጥገና አይቆጠርም አሉኝ።»

ሳቋን ልትለቀው ስትል መለሰችው። ሻንጣውን ራሷ ተሸክማ ሰባቱን ፎቅ ወረደች። ደርበው እስከ አራተኛው ፎቅ ተከተላት፤ ከዚያ ጉልበቱ እምቢ አለው።

አስራ አምስት ቁጥር ጅግጅጋ ላለ ሰው ተሰጠ። በመጀመሪያው ሙከራ ይከፈትለታል። የደርበውም በመጀመሪያው ሙከራ ይከፈታል። ከኋላው ያለውን ወንበር ሁለት ጊዜ ወደ ሌላ ክፍል ወስዶ ሁለት ጊዜ መለሰው። ደብተሩ ላይ ለአስራ ስምንት ቀን ምንም አልጻፈም።

በአስራ ዘጠነኛው ቀን ለሁለት ሰዓት አስር ደቂቃ ሲቀረው ኬብሉን ነቀለ። መልሶ ሰካው። መብራቱ ብርቱካናማ ሆነ። ወንድይራድ ከመጣ ስለ እናቱ ዓይን ሊጠይቀው አሰበ፤ ከዚያም ቀስ ብሎ ስለ ሌላ ነገር።

በሁለት ሰዓት ጠረጴዛው ተናገረ።

«አስራ አራት ቁጥር።»

ከኋላው ሲሰማው የኖረው ድምፅ ነው። ሳያስበው ዞሮ ባዶውን ወንበር አየ።

«እንዴት አደርሽ?» አለ።

የማሽኖቹ ማራገቢያ ይሰማል።

«መብራቱ ምን ዓይነት ነው?»

«ስንቅነሽ፣ እንዴት አደርሽ? ብርዱ እንዴት ነው?»

ራቅ ካለ ቦታ፣ ምናልባት ከመደዳው ጫፍ፣ የወንድ ድምፅ መጣ። «ጓንቱን አጥልቂው እንጂ፣ ጣትሽ ደርቆ ሊቀር ነው እኮ።» እሷም ከጠረጴዛው ዘወር ብላ አንድ ነገር መለሰች፤ ምን እንዳለች አልተሰማም። ሳቁ ግን ተሰማ። አንድ። ረጅም።

«መብራቱ ምን ዓይነት ነው?» አለች ተመልሳ።

«ብርቱካናማ» አለ ደርበው።

«ይጠብቁ።»

ቁልፉ ሲጫን ተሰማ። አረንጓዴው በራ። የሥራው ገጽ ተዘረጋ፤ የመተሐራ ጣቢያ ዜሮ ልኬት ልኳል። ደርበው ደብተሩን አውጥቶ ቀኑን ጻፈ። ሰላምታ፣ የለም። ጥገና፣ አርባ ሴኮንድ።

በማግስቱ አንድ ሰዓት ከሩብ ላይ ነቀለ። ወረፋው ላይ ሌላ ሰው አልነበረም።